ካንድ ቤት ሁለት ድምፅ

ዝናቡ ያለ ሰዓቱ ባይወርድ ኖሮ አናጢው ጋሽ ሚሊና የሰባኪው ልጅ ቀለም መሸጫው ሱቅ በረንዳ ሥር ባልተገናኙ ነበር። ሁለቱም ዣንጥላ አልያዙም። እሳቸው ባገኙት ላስቲክ ራሳቸውን ሸፍነዋል፤ እሷ በያዘችው ላስቲክ የሸፈነችው የተማሪ ደብተር ነው።

«አስተማሪ መሆንሽ ያስታውቃል» አሏት። «እንደምን ዋልሽ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ። እርስዎስ? እትዬ ደህና ናቸው?»

ጋሽ ሚሊ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ደህና ናት። ተቀምጣለች።»

«ምነው፣ አሟቸው ነው?»

«የለም፣ ተቀምጣለች ነው የምልሽ። አባትሽ ናቸው ያስቀመጧት።»

ነገሩ እንዲገባን ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ፤ ዝናቡ እንደሆነ ቶሎ የሚያባራ አይመስልም።

ጋሽ ሚሊ ይህ ስም የወጣላቸው በሚሊሜትር ስለማይደራደሩ ነው። ደንበኛ መጥቶ «ትንሽ ብትጎድል ምን አለበት?» ሲላቸው «ትንሽ ማለት ስንት ነው?» ብለው ሜትራቸውን ይመዙበታል። ባለቤታቸውን ደግሞ ሰፈሩ «እትዬ» ብቻ ይላቸዋል፤ በዓለም ላይ ሌላ እትዬ የሌለ ይመስል። ሁለቱ ባንድ ጣሪያ ሥር ሠላሳ ሰባት ዓመት ኖረዋል። ከፊት ሰጋቱራ የማይጠፋበት የእንጨት ሥራ ቤት፣ ከኋላ መኝታና ማድ ቤት። ከፊቱ ክፍል ግድግዳ ላይ ቁመቱ ሰው የሚያህል መጋዝ ተሰቅሏል። መጋዙ በሁለቱም ጫፍ እጀታ አለው። አንዱን እጀታ በመያዝ ብዛት ያለሰለሱት ጋሽ ሚሊ፣ ሌላውን እትዬ ናቸው። የኤሌክትሪኩ መጋዝ የማይደርስበት ወፍራም ግንድ ሲመጣ የሚወርደው ይህ ነው።

ባለፈው እሑድ ሰባኪው ስለ መጪው ምርጫ ሰበኩ። «ቤት አንድ አካል ነው» አሉ፤ «አንድ አካል ሁለት አፍ የለውም። የሚስት ድምፅ በባሏ ድምፅ ውስጥ አለ። ሚስት ከባሏ ጋር ከተስማማች ድምፅዋ ድግግሞሽ ነው፤ ካልተስማማች ደግሞ የባሏን ድምፅ ታጣፋበታለች። ስለዚህ ትቀመጥ።» ስብከቱ እንዳለቀ ጉባኤው ለሁለት ተከፈለ። ሴቶቹ ሰላምታ ሳይሰጡ ወጡ። ወንዶቹ ጸጉር ቤት ገብተው ተከራከሩ፤ አንዱ ጢሙን በግማሽ ተላጭቶ፣ በክርክሩ ተናድዶ፣ ሌላውን ግማሽ እንደያዘ ቤቱ ገባ።

ጋሽ ሚሊ ስብከቱን ወደውታል። ልክ ያለው ነገር ይወዳሉ። ቤት ሲገቡ እትዬ «መታወቂያዬን ስጠኝ» አሏቸው። መታወቂያው ጋሽ ሚሊ በሚቆልፉት መሳቢያ ውስጥ ከመሮዎቹ ጋር ነው የሚቀመጠው።

«ለምን?»

«ልመዘገብ።»

ጋሽ ሚሊ ስብከቱን ካፉ እስከ ገደፉ ደገሙላቸው። እትዬ አላቋረጧቸውም። ሲጨርሱ «መልካም» ብለው ተነሡ።

ሰኞ ጠዋት ትልቁ ግንድ ሥራው ቦታ ላይ ተጋድሟል። አራት እኩል ምሰሶ ይወጣዋል፤ ምሰሶዎቹ የሰባኪው አዲሱ መስበኪያ ሰገነት የሚቆምባቸው ናቸው። ጋሽ ሚሊ መጋዙን አውርደው በአንዱ እጀታ ያዙ። እትዬ ደጃፉ ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠው የተቀደደ ካልሲ እየጠቀሙ ነበር።

«ነይ እንጂ!»

«እኔማ አለሁ። ድምፄ በእርስዎ ድምፅ ውስጥ ካለ ጉልበቴም በእርስዎ ጉልበት ውስጥ አይጠፋም። ይጋዙ፤ ሁለታችንም እየጋዝን ነው።»

ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ «እርስዎ» የሚሏቸው እንግዳ ፊት ብቻ ነበር። ጋሽ ሚሊ ዞር ብለው ቤቱን ቃኙ። እንግዳ አልነበረም።

እንግዲህ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሚሊ በዝናብ የወጡት፣ ክንደ ወፍራሙን ዳቦ ጋጋሪ መጋዝ ያዝልኝ ሊሉት ነው። ታሪኩን ለሰባኪው ልጅ ሲነግሯት ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ አዳመጠች፤ ሳቅ የያዘው ሰው እንደሚነክስ።

«ሳቂ፣ ሳቂ» አሏት። «ግን አባትሽ ያሉት እኮ ሂሳቡ ልክ ነው። አንቺ የሂሳብ አስተማሪ ነሽ፤ ከተሳሳትኩ አርሚኝ። እኔ የምመርጠውን ከመረጠች ወረቀት ማባከን ነው። ሌላ ከመረጠች ያጣፋዋል፤ ሁለታችንም ቤታችን ብንውል ይሻለን ነበር።»

«ሂሳቡ ልክ ነው ጋሼ። አባቴ ድሮም በመደመር አይታሙም። ግን ድምፁ ያው ከሆነማ፣ እርስዎ ቤት ይዋሉና እትዬ ሄደው ይምረጡ። ልዩነት የለውም አይደል?»

ጋሽ ሚሊ ዝናቡን ተመለከቱ። ዝናቡ አላገዛቸውም።

«እሱማ… አባወራው እኔ ነኝ።»

«ነዎት እንጂ። አሁን ግን ከሂሳብ ወጣን።»

«ወጣን» አሉ በቅንነት። ጋሽ ሚሊ ሲያጠፉ የሚክዱ ሰው አይደሉም።

«እሺ፣ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤትዎ ባሏ ከሞተ አምስት ዓመቷ ነው። የእሷ ድምፅ በማን ድምፅ ውስጥ ነው ያለው?»

«በልጇ ይሆናላ።»

«ልጇ ሁለተኛ ክፍል ነው። የማስተምረው እኔ ነኝ፤ እስካሁን ሰባትን ገልብጦ ነው የሚጽፋት።»

«እንግዲያው ለእሷ ይፈቀድላት።»

«ስለዚህ አንዲት ሴት ድምፅ የምታገኘው ባሏ ሲሞት ነው ማለት ነዋ! ይህን ለእትዬ እንዳይነግሯቸው ጋሼ፤ ሌላ ሐሳብ ያመጣባቸዋል።»

ጋሽ ሚሊ ሳይወዱ ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ ግን ፊታቸው ጠቆር አለ። «አንቺ ልጅ፣ አባትሽን እንዲህ ስትቃወሚ አያሳፍርሽም? ያሳደጉሽ እኮ እሳቸው ናቸው።»

የሰባኪው ልጅ ደብተሮቹን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች።

«እናቴ ሦስት ወር ስትታመም ምግብ ያበሰሉት አባቴ ናቸው። ሁሉንም ነበር የሚያሳርሩት። ግን እናቴ እስክትጎርስ አይጎርሱም። ክፉ ሰው አይደሉም ጋሼ፤ የሚፈሩ ሰው ናቸው። 'ማዕድ ላይ ሁለት ሐሳብ ከቀረበ ቤት ይፈርሳል' ይላሉ። ማክሰኞ ማታ 'እኔ ተመዝግቤአለሁ፤ እንዲያውም መዝጋቢዋ እኔ ነኝ' አልኳቸው። እራት ተበልቶ እስኪነሣ ቃል አልተናገሩም። በነጋታው ጠዋት ስነሣ ጫማዬ ተጠርጎ በሩ ሥር ተቀምጧል። አልተስማሙም። ቤቱም አልፈረሰም።»

ጋሽ ሚሊ ቀጥሎ የተናገሩትን ለማንም ተናግረውት አያውቁም፤ የተናገሩት ዝናቡ ስለጮኸና ልጅቷ ስለ አባቷ በእንዲያ ያለ ፍቅር ስላወራች ይመስለኛል።

«እውነቱን ልንገርሽ? የሚቆጨኝ ድምፄን ማጣፋቷ አይደለም። ሠላሳ ሰባት ዓመት ስንኖር አንድ ቀን 'አይሆንም' ብላኝ አታውቅም። የምንስማማ ነበር የሚመስለኝ። አሁን እዚያ መጋረጃ ውስጥ ገብታ ሌላ ብትመርጥስ? እስከዛሬ እሺ ስትል የኖረችው ከልቧ እንዳልነበረ እንዳላውቅ ነው የምፈራው።»

የሰባኪው ልጅ ድምጿን ዝቅ አድርጋ መለሰች።

«እትዬ እሺ ያሉት እርስዎ ጠይቀዋቸው ነው ወይስ ነግረዋቸው?»

«እ…»

«እርስዎ የሚለኩ ሰው ነዎት ጋሼ። አይሆንም ማለት የማይችል ሰው እሺታ በምን ይለካል? ከልባቸው ይሁን አይሁን ማወቂያ የለዎትም። አይሆንም ማለት ሲችሉ ነው 'እሺ' ሲሉዎት የሚያምኑት። ምናልባት እስከዛሬ ያሉት ሁሉ ከልብ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ይመስለኛል። ግን እንደተቆለፈበት ከርሟል።»

ዝናቡ አባራ። ልጅቷ በኩሬዎቹ መሐል እግሯን እየመረጠች ከሄደች በኋላ ዞር ብላ «ምዝገባው ነገ በስድስት ሰዓት ይዘጋል!» አለቻቸው። ጋሽ ሚሊ እጃቸውን አነሡ። እሺ ይሁን ደህና ሁኚ ይሁን አይታወቅም። ከዚያም ዳቦ ጋጋሪው ዘንድ ሄዱ፤ ሰው አንድ ክርክር ስለተረታ ወዲያው አይለወጥም።

በዚያ ምሽት እራት ላይ እንደ ዘበት አስመስለው ጠየቁ። «ለመሆኑ ብትመርጪ ምን ብለሽ ነው የምትመርጪው?»

«ቦዩን የሚከድንልኝን።»

«የቱን ቦይ?»

እትዬ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ገበያው መንገድ ላይ ያለውን። በቀን አራት ጊዜ የምዘለውን። ልብስ ሰፊዋ እርጉዝ ሆና የወደቀችበትን። ውኃ ስንቀዳ፣ ዕቃ ስንገዛ፣ የታመመ ስንጠይቅ፣ ሁላችንም የምንዘለውን። እርስዎ ማንን ነው የሚመርጡት?»

«የሳንቃ ቀረጥ የሚቀንሰውን።»

«ደግ» አሉ እትዬ። «ታዲያ ድምፄ በእርስዎ ድምፅ ውስጥ ካለ፣ ቦዬ የት ነው ያለው?»

ጋሽ ሚሊ ሾርባው ጨው አነሰው አሉ። ጨው አላነሰውም።

ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ጋጋሪው እጅጌውን ጠቅልሎ መጣ። «እንዴት አደርሽ እትዬ!» ብሎ እትዬን በአክብሮት አለፋቸውና የእሳቸውን እጀታ ያዘ። ዳቦ ጋጋሪው በልጅነቱ እትዬ ቤት ብዙ ስለበላ «አንቺ» ነው የሚላቸው። ጋሽ ሚሊ በእርሳስ ያሰመሩትን መስመር አሳዩት፤ ጀመሩ።

መጋዙ አንድ ሁለት ጊዜ ሄደ። ከዚያ ወገቡ ተጣመመና ጮኸ፤ ቀጥሎ ቆመ። ጋሽ ሚሊ አስለቀቁት። እንደገና ጀመሩ። እንደገና ተጣመመ። ሦስተኛው ላይ ጥርሱ መስመሩን ለቆ ወደ ጎን በላ።

«ምን እያደረግህ ነው አንተ?!»

«እያገዝኩዎት ነዋ ጋሼ! ሲጎትቱ እንዳይደክምዎት ከዚህ እገፋልዎታለሁ።»

«ማን ግፋ አለህ? መግፋት የለም! የእኔን እኔ እጎትተዋለሁ፤ የአንተን አንተ ጎትት! ልቀቅልኝ እንጂ አትሥራልኝ! ለእኔ ብለህ የገፋህ ጊዜ እኮ ነው የሚጣመመው! ምንም ብትወደኝ የእኔን ድርሻ አንተ ልትይዝልኝ አት…»

ዳቦ ጋጋሪው ሰውየውን አመማቸው ብሎ ደነገጠ። ጋሽ ሚሊ መጋዙን ለቀው ቆመው ቀሩ። ቀስ ብለው ወደ ደጃፉ ዞሩ። እትዬ ከካልሲው ቀና አላሉም፤ መርፌያቸው ግን ቆሟል። ጋሽ ሚሊ የሰሙትን እሳቸውም ሰምተዋል።

«ስንት ሰዓት ነው?» አሉ ጋሽ ሚሊ።

«አምስት ከሩብ» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

መሳቢያውን ከፈቱ። መሮዎቹን አንድ ባንድ እያነሡ መታወቂያውን ከሥር አወጡ። ሰጋቱራ ነበረበት፤ በእጅጌያቸው ጠረጉት። እትዬ ፊት ሄደው፣ እንደ ውሰጂ ሳይሆን እንደ ተቀበይኝ አድርገው፣ በሁለት እጃቸው ዘረጉላቸው።

«ቁልፉንም ያዢው» አሉ። «ከእኔ ዘንድ ሊኖር አይገባውም ነበር። አጥፍቻለሁ።»

እትዬ መታወቂያውን ተቀብለው ፎቶግራፋቸውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «እንዲህ ወጣት ነበርኩ እንዴ?» አሉ። ቀጥለውም «ተነሥ በል፤ ካልፈጠንን ይዘጉብናል» አሉ። ዳቦ ጋጋሪው በኋላ ሲያወራ፣ ጋሽ ሚሊ «ተነሥ» ሲባሉ ፊታቸው እንደ ሕፃን በራ ይላል። ዳቦ ጋጋሪው ነገር ማጋነን ቢወድም ይህን አላጋነነም።

በገበያው መንገድ ሄዱ፤ አጭሩ እሱ ነው። ጋሽ ሚሊ በዚህ በኩል ካለፉ ዓመታት ሆኗቸዋል፤ እንጨቱ ቤታቸው ድረስ በጋሪ ይመጣል፣ የጉባኤው አዳራሽ በላይኛው መንገድ ነው። ቦዩ ጋ ሲደርሱ እትዬ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው አንድ ጊዜ ዘለሉና ከማዶ ቆሙ። ጋሽ ሚሊ ስፋቱን በዓይናቸው ለኩ። ዘለሉ። ቀኝ እግራቸው እስከ ጉልበታቸው ገባ።

እትዬ እጃቸውን ይዘው ሲያወጧቸው አልሳቁም። ሳቃቸውን ለማታ አቆዩት።

«በቀን አራት ጊዜ?» አሉ ጋሽ ሚሊ፣ ጫማቸው በውኃ እየተንቦጫቦጨ።

«ዝናብ ሲሆን ሦስት። አራተኛውን እተወዋለሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ነበር። በስንተኛው ዓመታችን እንደሆነ ረሳሁት። 'እሺ' ብለኸኝ ነበር።»

የምዝገባው ቢሮ አንዲት ጠባብ የትምህርት ቤት ክፍል ናት። የሰባኪው ልጅ ከጠረጴዛው ወዲያ ተቀምጣለች፤ ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት ለስድስት ሃያ ጉዳይ ይላል። እትዬን ስታይ ብድግ አለች፤ ከዚያ መዝጋቢ መሆኗ ትዝ ብሏት ተቀመጠች። የጋሽ ሚሊን ጭቃ እግር አየችው፤ ምንም አልጠየቀችም። ስም፣ ዕድሜ፣ የቤት ቁጥር።

«ሥራ?» ብላ እስክሪብቶዋን ቀና አደረገች። ሌሎቹን ሴቶች ስትመዘግብ እንደለመደችው «የቤት እመቤት ልበል እትዬ?»

ጋሽ ሚሊ አፋቸውን ከፈቱ። መልሱ ምላሳቸው ላይ ነበር። ከዚያ መልሰው ገጠሙት፤ በዚያ ቀን ከሠሩት ሥራ ሁሉ የከበዳቸው ይህ ነበር።

እትዬ መዳፋቸውን ገለበጥ አድርገው ተመለከቱ፤ ከጣቶቻቸው ሥር ያለውን የደረቀ ቆዳ። «አናጢ» አሉ።

«አናጢ» ብላ ጻፈች የሰባኪው ልጅ፤ ጽፋም ከሥሩ አሰመረችበት፣ ምንም እንኳ ቅጹ ማስመር ባይጠይቅም።

የዚህ ሁሉ ጥቅሙ ምንድን ነው ለሚል አንባቢ፣ ይኸውና። ከዚያች ሰፈር ያን ዓመት የተመዘገቡት ሴቶች ከወንዶቹ በአሥራ አንድ በለጡ። ተወዳዳሪዎቹም ይህን ሲሰሙ፣ ከዚያ በፊት ለሳንቃ ቀረጥ ብቻ ይማልባት በነበረች ሰፈር፣ ባንድ ሳምንት ውስጥ ሦስቱም በየተራ መጥተው ቦዩን ጎበኙ፤ አንደኛው እንደ ጋሽ ሚሊ ገባበት። ቦዩ በክረምት መግቢያ ተከደነ። የልብስ ሰፊዋ ልጅ አሁን በሩጫ ያልፍበታል። ዳቦ ጋጋሪውም ባለቤቱን ስለ ዱቄቱ ነጋዴ ሐሳቧን ጠየቃት፤ አሥር ዓመት ሲታለል እንደኖረ ነገረችው። ቤት የፈረሰበት ሰው ግን አልተገኘም፤ እኔም ፈልጌ ነበር። ሰው የሚያውቀው የሚዘለውን ቦይ ነው። የሌላውን ቦይ የሚያውቀው ሲጠይቅ ብቻ ነው፤ ጠይቆም መልሱን ራሱ ካልሞላው። ባል ለሚስቱ አስባለሁ ማለቱ መልካም ነው። ማሰቡ እንዳለ ሆኖ፣ እሷ ራሷ ስትናገር መስማት ደግሞ ከዚህ ይበልጣል፤ ድካሙም ያነሰ ነው።

ሰባኪውስ? አዲሱን መስበኪያ ሲረከቡ ምሰሶዎቹን በእጃቸው ዳሰሱ። አራቱም እኩል ነበሩ፤ የተበላሸው ተጥሎ በምትኩ ሌላ ግንድ ተገዝግዟል፤ ማንና ማን እንደገዘገዙት ለሰፈሩ መናገር አያስፈልግም። «እጅዎ ይባረክ» አሏቸው ጋሽ ሚሊን። «እጃችን ይበሉ» አሉ ጋሽ ሚሊ። ሰባኪው ለጥቂት ጊዜ አሰቡ፤ «እጃችሁ ይባረክ» አሉ። ያን ስብከት ተሳስቼ ነበር ብለው አላነሡትም፤ ደግመውም አልሰበኩትም። በምርጫው ዕለት ግን ሰልፉ ውስጥ ባለቤታቸውን ከፊታቸው አስቀድመው ቆመው ታይተዋል።

በዚያው ዕለት እትዬ ከመጋረጃው ውስጥ ብዙ ቆዩ። ጋሽ ሚሊ የራሳቸውን ቶሎ ጨርሰው ውጭ ግድግዳውን ተደግፈው ይጠብቃሉ። እትዬ ወረቀታቸውን አጥፈው ሳጥኑ ውስጥ ከተቱና ወጡ፤ ጎን ለጎን መንገድ ጀመሩ።

«ማንን መረጥሽ?» አሉ ጋሽ ሚሊ ጥቂት እንደሄዱ።

«ምስጢር ነው ብላናለች እኮ ልጅቷ።»

«ለእኔም?»

«ለአንተም።»

ጋሽ ሚሊ ሄድ ብለው ቆሙ። ከእኚህ ሴት ጋር ሠላሳ ሰባት ዓመት ሲኖሩ የማያውቁት ነገር የቀረ አይመስላቸውም ነበር፤ የጥርሳቸውን ቁጥር፣ የሳላቸውን ዓይነት፣ በየትኛው ጎናቸው እንደሚተኙ። አሁን ግን በዚያ ሻሽ ሥር እሳቸው የማያውቁት አንድ ነገር አለ። ቀድመዋቸው የሚሄዱትን እትዬን ፈገግ ብለው ከኋላ አዩዋቸው፤ አካሄዳቸውን፣ የአንገታቸውን ቀጥ ማለት። ሊያጯቸው ባሰቡ ሰሞን ያዩዋቸው እንደነበረው አዩዋቸውና፣ ለመድረስ እርምጃቸውን አፈጠኑ።